የሪጎሬ መቺው መሐላ

ይታገስ ኳስ ተጫዋች ነው ስል የሚያውቁት ሰዎች ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው። ይታገስ ሲሮጥ ያየ ሰው አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ሽማግሌ ይመስለዋል። ኳስ አያታልልም፣ በጭንቅላቱ አይገጭም፣ ከተጋጣሚ ጋር ትከሻ ለትከሻ ከተነካካ ይቅርታ ብሎ ኳሱን የሚለቅ ዓይነት ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይችላል፤ የቆመ ኳስ ይመታል። ቅጣት ምትም ይሁን ሪጎሬ፣ ኳሱ መሬት ላይ ቆሞ ከጠበቀው ይታገስ ካሰበበት ያደርሰዋል። በዚች አንድ ነገር ቢቸና ላይ ተወደደ፣ ሞጣ ላይ እንጀራ በላባት፤ አሁን ላለበት ጭንቀት የዳረገችውም እሷው ናት።

እኔ ነርስ ነኝ። ሰዉ ግን "ዶክተር" ይለኛል፣ ማረሙ ስለሰለቸኝ ትቼዋለሁ። አገሬ ወልድያ ነው፤ መንግሥት መጀመሪያ ቢቸና መደበኝ፣ ኋላ ደግሞ ወደ ሞጣ አዛወረኝ። በሁለቱም ከተማ የኳስ ቡድኖቹ ፋሻና በረዶ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ሲያጡ እኔን ይዘው ይሄዱ ስለነበር፣ የይታገስን የኳስ ዘመን ከተቀያሪ ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። የማንም ደጋፊ አይደለሁም። እንዲያውም ኳስ ተመልካች የሚባለው ሰው ደሜን ያፈላዋል። ቤቱ ሲቀመጥ ጨዋ፣ ጾሙን የሚጾም፣ ጎረቤቱን የሚያከብር ሆኖ፣ ሜዳ ዳር ሲቆም ግን የሰው እናት የሚሰድብ ሰው በምን ሚዛን እንደሚመዘን አላውቅም።

ቢቸና ሳለሁ ይታገስ በአንድ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ የበርና የመስኮት ክፈፍ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልስ ነበር። የከተማውን ወጣቶች ቡድን የሚያሠለጥነው ሽታሁን የሚባል የስፖርት መምህር፣ ሪጎሬ እየሳቱ በሚመለሱ ልጆች አንጀቱ አርሮ ነበርና፣ አንድ ቀን በሥራ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ይታገስ የአጥሩን ቆርቆሮ በከሰል አስምሮ፣ በኳስ እየመታ ያሰመረበትን ሲያገኘው ያያል። ቆሞ አየ፣ ደግሞም አየ፣ ከዚያ "ነገ ልምምድ ና" አለው። በማግስቱ ልጁ መሮጥ እንደማይችል ሲያውቅ ግን ያልጠበቅነውን ዘዴ ፈጠረ። ይታገስ ጋቢውን ለብሶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዳኛው ሪጎሬ የሰጠ እንደሆነ፣ ሽታሁን አንዱን አስወጥቶ እሱን ያስገባል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ማንም አድርጎት ስለማያውቅ ግን የመጀመሪያ ቀን ተጋጣሚዎቻችን ዳኛውን ከበው ጨዋታው ለረጅም ጊዜ ቆመ። ይታገስ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ኳሱን አቅፎ ቆሞ ጠበቀ፣ ሲፈቀድለት መታ፣ አገባ፣ በሌላ ተቀያሪ ተለውጦ ወጣና ጋቢውን ለበሰ።

ከዚያ ወዲያ ከወንበር በተነሣ ቁጥር ሰዉ "ሙሽራው ተነሣ" እያለ ያጨበጭብ ነበር። የሚመታበት ሥርዓት አይለወጥም። ኳሱን በመዳፉ ያብሳል፣ የሚነፋበትን ቀዳዳ ወደ ራሱ አዙሮ ያስቀምጣል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይራመዳል፣ ዞሮ ኳሱን ብቻ እያየ ይመጣል። በረኛውን ፈጽሞ አያይም። ለምን እንደማያይ ጠይቄው "ዓይኑን ካየሁት ሰው ይሆንብኛል" አለኝ።

አንድ ቀን አሜሪካኖች በእጅ የሚጫወቱትን ያን ሞላላ ኳስ በስልኬ አሳየሁት። በዚያ ጨዋታ ሥራው መምታት ብቻ የሆነ ሰው አለ። ሌሎቹ እንደ ግንብ የገዘፉ፣ ራሳቸውን በቆብ ያሸጉ ሲሆኑ፣ እሱ ልብሱን ጭቃ ሳይነካው ወንበር ላይ ይውላል፣ ሲጠሩት ገብቶ አንዴ ይመታል፣ ይወጣል። ደመወዙ ለዚያ ነው። ይታገስ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ደጋግሞ አየ፤ "ለካ ሙያ ነው" አለ፣ ፊቱ እንደዚያን ቀን በርቶ አላየሁትም። ቀጥዬ መቺዎቹ ሲስቱ የሚያሳየውን ከፈትኩለት። የሳተው ሰውዬ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፣ ጓደኞቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

"ለምን አያናግሩትም?" አለ ይታገስ።

"እንጃ፣ ልማዳቸው ይሆናል።"

"በሚቀጥለው ሳምንትስ ይመታል?"

"ካላባረሩት ይመታል።"

"እንግዲያ ምን ቸገረው፤ የሳተ ሰው መድኃኒቱ ሌላ ምት ነው" አለና ስልኬን መለሰልኝ።

የቢቸናው በረኛ ምናለ ይባላል። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ረጅም፣ ነገረኛ፣ ሳቂታ። ይታገስ የሚለማመደው ከእሱ ጋር ነበርና ከሥራ ሲወጡ ሁልጊዜ ሜዳው ላይ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ አንዱ ሲመታ፣ አንዱ ሲወድቅ ይመሻል። እንዲህ ሲሉ ተዋደዱ። ምናለ ወንድ ልጅ ሲወልድ ክርስትና ያነሣለት ይታገስ ሆነ። በዚህ አገር አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና አያንስም። አበልጅ ከአበልጁ አይጣላም፣ አይካሰስም፣ በክፉ ቀን ፊቱን አያዞርበትም። ሁለቱ ከክርስትናው ቀን ጀምሮ በስም መጠራራት ትተው "አበልጄ" ይባባሉ ነበር፣ ሜዳ ውስጥ ሳይቀር።

ሞጣ ላይ የእህል ነጋዴዎች ያቋቋሙት ቡድን ነበረ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልደ ኪዳን ቢቸና መጥተው ይታገስ ሲመታ አዩ፣ በእህል መጋዘናቸው የጠባቂነት ሥራ ሰጥተው ወሰዱት። ሥራው ለስሙ ነው፤ ዋናው ሪጎሬው ነው። እኔ "እንግዲህ ፕሮፌሽናል ሆንክ" ብዬ አፌዝኩበት፣ እሱ ግን የምሩን ተቀብሎ "አዎ" አለኝ። ቢቸና አኮረፈ። አብሮ አደጎቹ ሲሄድ አልሸኙትም፤ የሸኘው ምናለ ብቻ ነው። ሚስቱ ፈንታዬ የስፌት መኪናዋን ይዛ ተከተለችው። እኔም በዚያው ዓመት ወደ ሞጣ ተዛወርኩ፤ እሱን ተከትዬ አይደለም፣ ቢሮው ነው የላከኝ።

ፈንታዬ ኳስ አታይም። ቤታቸው ለሜዳው ቅርብ ስለሆነ ቁጭ ብላ እየሰፋች ከጩኸቱ ታውቀዋለች። ሞጣ ሲያጓራ "ገባለት" ትላለች፣ ስፌቷን ትቀጥላለች። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር ግን ቁርጥ አድርጋ ነው። ይታገስ ሞጣ ላይ ሁለት የውድድር ዘመን ጥሩ ኖረ። ሰዉ ወደደው፣ ሻይ ቤት ገብቶ ሒሳብ ልክፈል ሲል ይቆጡት ነበር።

ከዚያ የዞኑ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ሞጣን ከቢቸና አገናኘ። የተደረገው ሞጣ ነው፣ ከሚያዝያው ጊዮርጊስ ማግስት። ቢቸናም ጊዮርጊስ አለ፣ ሞጣም ጊዮርጊስ አለ። የዋንጫው ቀን ሲቀርብ በአንዱ ደጅ ጥላ ተሳሉ፣ በሌላው ደጅ ምንጣፍ ተሳሉ። ሰማዕቱ የማንን ሰምቶ የማንን ይተው? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሁለቱንም ዝናብ አውርጄ ወደየቤታቸው እሰድ ነበር።

ዝናብ አልዘነበም። ቢቸና አንድ ለባዶ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳስ የቢቸናን ተከላካይ እጅ ነካ፣ ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ። አሠልጣኛችን ኃይለ ሚካኤል ወደ ወንበሩ ዞሮ ገና ምንም ሳይል ይታገስ ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። መስመሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ምናለ ነው። ይታገስ እንደ ልማዱ ኳሱን አበሰ፣ አስቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተራመደ፣ ዞሮ ኳሱን ብቻ እያየ መጥቶ መታ።

እዚህ ላይ እኔ ያየሁትን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ኳሱ ደህና ተመቷል። ዝቅ ብሎ፣ ፈጥኖ፣ በቋሚው ጥግ ነው የሄደው። ሌላ በረኛ ቢሆን ዘወር ብሎ ከመረቡ ያወጣው ነበር። ምናለ ግን የይታገስን እግር ለዓመታት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ቀድሞ ወደቀ፣ ያን ረጅም ቁመቱን ዘረጋ፣ በጣቱ ጫፍ ነክቶ ቋሚው ላይ አስመታው፣ ኳሱ ወደ ውጭ ወጣ። ይታገስ እንዳቅሙ መታ፣ ምናለ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ያዘ። ሌላ ምንም የለም።

ወዲያው ጨዋታው አለቀ። የቢቸና ልጆች ምናለን ሊያቅፉት ሲሮጡ ምናለ ገፍቷቸው አለፈ። ይታገስ መምቻው ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። ምናለ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመው፣ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ኋላ ምን እንዳለው ጠይቄዋለሁ፤ "አይዞህ አበልጄ፣ ስለማውቅህ ነው እንጂ ሌላ ሰው አይዘውም ነበር" ነው ያለው። በዚህ አገር አበልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳይስመው ያለፈ ሰው ነውረኛ ነው። ከዚያ ከሚያየው ሺህ ሰው አንዱም በምናለ ቦታ ቢሆን ሌላ ነገር አያደርግም ነበር። ግን ሞጣ ያየው ያን መሳሳም ነው። ከሜዳው ሳንወጣ ወሬው ደረሰብን፤ "ለአበልጁ ሰጠው" አሉ።

ወሬው በሳምንቱ ውስጥ አጥንት አወጣ። ቀረብ ብዬ አይቼዋለሁ፣ ሊመታ ሲል በረኛውን በዓይኑ ጠቀሰው የሚል ሰው ተገኘ። በረኛ የማያይ ሰው ማንን ይጠቅሳል? ሻይ ቤት ውስጥ ይህንኑ ብዬ ከአንዱ ጋር ልደባደብ ምንም አልቀረኝም። "አንተም ከቢቸና የመጣህ ነህ" አለኝ። የወልድያ ሰው ነኝ ብል የሚሰማ የለም። ይታገስ ግን ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ቃል ነበር፤ "ሳትኩ።" ተቆጥቶ አይደለም፣ አዝኖ ነው። ፈንታዬ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቤታቸው ገብቼ ወሬው እንዳያስጨንቃት ላጽናናት ብሞክር ክሩን በጥርሷ በጥሳ "ሰው ምን ይላል ብዬ አላገባሁትም። ሳትኩ ካለ ስቷል" አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳከብራት ኖርኩ።

ጋሽ ወልደ ኪዳን ክፉ ሰው አይደሉም። ከመጋዘኑ አላባረሩትም። አንድ ቀን ግን መጋዘኑ ደጅ አስቀምጠው እኔ ባለሁበት አናገሩት።

"ልጄ፣ እኔ ባምንህም ሰዉን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም። ሰው ሁሉ በሚያምነው ነገር እንጨርሰው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጊዮርጊስ ደጅ ቆመህ ማልና ይለቅ።"

ይታገስ ከተቀመጠበት ተነሣ። "መማል አልችልም፣ ጋሽ ወልደ ኪዳን። ይቅር ይበሉኝ።"

"እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሃል?"

"እውነትም ቢሆን ያስፈራል፣ ጋሼ። እርስዎም ያውቁታል።"

ያውቁታል። መሐላ እዚህ አገር እሳት ነው። በሐሰት የማለ ቤቱ ይፈርሳል ይባላል፤ በእውነት የማለም ቢሆን ዘሩን አደባባይ አውጥቶ ማስያዙ ያስፈራዋል። የንስሐ አባቱ ቄስ ሣህለ ማርያም "ወንጌሉ ከቶ አትማሉ ነው የሚለው" ብለው ከልክለውታል። ፈንታዬም ሆዷን ይዛ "በዚህ ላይ አትማልብኝ" ብላዋለች። እነዚያ ማል የሚሉት ሰዎች ራሳቸው፣ ጎረቤት ድንበር ገፍቶባቸው ዳኛ ማል ቢላቸው፣ ልጆቼ ይበልጡብኛል ብለው መሬቱን ትተው የሚመለሱ ናቸው። ለመሬት የማይምሉትን ለኳስ ይማልልን አሉ። አልምልም ሲላቸው ደግሞ "ይኸው፣ አመነ" አሉ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ይታገስ ግን ተስፋ ነበረው። ስለ መሐላው አያወራም፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚያወራው። ውድድሩ ሲጀመር ቢቸና ይመጣል፣ ሪጎሬ ይገኛል፣ ምናለ ላይ ያገባል፣ ነገሩ ያበቃል። ሜዳው ላይ ብቻውን ኳስ ይዞ ሲለማመድ አየው ነበር። በረኛ የሚሆነው ሰው ስላጣ በባዶ ጎል ይመታል፣ ሄዶ ያመጣል፣ ይመታል።

ክረምቱ ሳይወጣ አገሩ ደፈረሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቆረጠ፣ ውድድር የሚባል ነገር ቀረ። የኛ ጤና ጣቢያ በሌላ ዓይነት ሥራ ተጠመደ፣ ስለ እሱ እዚህ አልናገርም። ሜዳው ሣር አበቀለ፣ ከብት ይግጥበት ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለይታገስ ግን ቀኑ እያደረ በሄደ ቁጥር ወሬው እውነት እየመሰለ፣ እሱ የሚለው ደግሞ ሰበብ እየመሰለ ሄደ። በዚያው ጊዜ ፈንታዬ ሴት ልጅ ወለደች፣ ማርያማዊት አሏት። ይታገስ በእሷ ሲደሰት ሳይ ኳሱን የረሳ መስሎኝ ነበር። አልረሳም።

መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት አክስቱ ሞተው ቢቸና ለልቅሶ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ መጣ። ቢቸና አንገቱን አቅፎ፣ "ውለታህን አንረሳም" እያለ ነው የተቀበለው። "አልተውኩላችሁም፣ ሳትኩ" ሲላቸው "እሺ፣ ስተሃል" ብለው ይጠቃቀሳሉ። ያኮረፈው ከተማ በሐሰት ታረቀው። እሱን የባሰ ያቆሰለው ግን ምናለ ነው። ልቅሶው ላይ ጥግ ይዘው ሲቀመጡ ምናለ እንዲህ አለው፤

"አበልጄ፣ ያንተስ ስም የጠፋው በሰው አገር ነው። የኔ እዚሁ በተወለድኩበት ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ኳስ ይዤ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አልይዝም፣ ጉልበቴ አልቋል። ባጃጄ ላይ የተሳፈረ ሁሉ 'ይታገስ የሰጠን ዋንጫ' ይለኛል። ልጄ ሳይቀር 'የክርስትና አባቴ ነው አሉ ያሸነፈላችሁ' ብሎ ጠየቀኝ። ማል ብለውህ እምቢ ማለትህን ሰምተናል። አንተ ካልማልክልኝ እኔ ምን ብዬ ልኑር?"

ይታገስ ይህን ሲነግረኝ ስንፍናዬን ጠላሁት፤ አትማል ማለት ነበረብኝ። ለራሱ ሲሆን እምቢ ያለውን ለአበልጁ ሲሆን እምቢ ማለት እንደማይችል ከፊቱ አውቄ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወልደ ኪዳንን አስጠራ። ለፈንታዬ አልነገራትም። በጊዮርጊስ ደጅ ሰው እየተሰበሰበ መጣ፣ ከጎል ጀርባ የሚጮኹት ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ቄስ ሣህለ ማርያም አይተው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ይታገስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ያን ኳስ ሆን ብዬ ስቼ እንደሆነ፣ ሰማዕቱ በልጄ ያግኘኝ" አለ። ሌላ የሚምልበት ነገር አጥቶ አይደለም፤ ቀለል ባለው ቢምል እንደማያምኑት ስላወቀ ነው።

ፈንታዬ ከጎረቤት ሰማች። ቤት ሲገባ ልጅቱን ታቅፋ ቆማ ጠበቀችው።

"በማርያማዊት?" አለችው።

"እውነት ስለሆነ አትነካም።"

"እውነት መሆኑን መች አጣሁት። ግን በእሷ?"

ያን ሳምንት አላናገረችውም። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሲነግረኝም ልክ ናት ብሎ ነው።

ቢቸና ወሬው ሲደርስ አመነ። ሰው በልጁ አይዋሽም አሉ። የምናለ ተሳፋሪዎች "አንተ ነህ ለካ የያዝከው" ይሉት ጀመር፤ ኔትወርክ በመጣ ቀን ደውሎ ለይታገስ ሲነግረው እየሳቀ እያለቀሰ ነበር። ይታገስ ያን ቀን ተደሰተ፣ አብረን ጠላ ጠጣን። ለምናለ ያሰበው ሞላለት።

ሞጣ ግን አላመነም፣ አልካደም። መጠበቅ ጀመረ። እኔ ነገሩን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። መንገድ ላይ ይታገስን የሚያገኘው ሰው ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ክረምቱ አይጠይቀውም፤ "ልጅቱ ደህና ናት?" ይለዋል። ጋሽ ወልደ ኪዳን እንኳ እንዲሁ ነው የሚሉት። ክፋት አስበው አይደለም፣ ሐኪም የቁስሉን አፍ እንደሚያይ ነው የሚያዩት። ልጅቱ ስትስል ጎረቤት ሥራውን ያቆማል። ስትወድቅ ሰው ከበር ይወጣል። ፈንታዬ በነጠላ ሸፍና ማውጣት ጀመረች፣ ኋላም ማውጣት ተወች። ሥራ ይዘውላት የሚመጡ ሴቶች ልኬታቸውን ሲሰጧት ዓይናቸው አልጋው ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የምትኖር እናት ምን ትሆናለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ባለፈው ጥቅምት ማርያማዊት ታመመች። አስቀድሜ ልናገር፣ አልሞተችም። የሳንባ ምች ነበር፣ በዚያ ብርድ ብዙ ሕፃን ይዞ ነበር፤ መድኃኒቱን በጊዜ አገኘች፣ ድና አሁን ግቢውን ታምሳለች። የምናገረው ስለ እሷ ሞት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ነው ይዘዋት የመጡት። ይታገስ አቅፏት ነበር፣ ትንፋሿ ይጣደፋል፣ ሰውነቷ ይፋጃል። ከመንገድ ጀምሮ ሰው ተከትሏቸው የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወጥቼ ገሥጬ በተንኳቸውና በሩን ዘጋሁት። መርፌውን ወጋኋት፣ ትንሽ ቆይተን እንድናያት አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሽሮፕ እየበጠበጥኩ ነበር። የሌለሁ መስሏት ይሁን፣ ብኖርም ግድ ሳይሰጣት፣ ፈንታዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ይታገስ።"

"እመት።"

"ለእኔ ብቻ ንገረኝ። አልቆጣህም፣ ለማንም አልናገርም። አውቀን ንስሐ እንድንገባላት ነው። ሆን ብለህ ነበር?"

ሞጣ ሲጮህበት፣ ቢቸና ሲጠቃቀስበት፣ አበልጁ ሲለምነው የቻለው ሁሉ ይችን አንዲት ሴት ይዞ ነበር። ወጥቼ እኔ አይቻለሁ፣ ስቷል ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ግን እኔ ሳልሆን እሱ ነው የተጠየቀው።

ይታገስ አልተቆጣም፣ ዳግመኛም አልማለም። "ሳትኩ፣ ፈንታዬ" አላት። "ምናለ ነው የያዘው።"

"እሺ" አለች። "ስጠኝ" ብላ ልጅቱን ከእቅፉ ወሰደቻት፣ ተነሥታም በመስኮቱ በኩል ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። እኔ ሽሮፑን ይዤ ወጣሁና ለእሷ ሰጠኋት፤ እሱ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።